ተቀምጠሽ ተናገሪ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የምቀዳው ከድሬዳዋ ነው፤ ከዚራ ከሚገኘው ቤቴ፣ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ። ድምፁ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚገባ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። የካቲት ገብቷል፣ ሙቀቱም መመለስ ጀምሯል፤ ስለዚህ መስኮቱን አልዘጋሁትም። በመሀል ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ከተማዬ ናት።

ዛሬ የማወራው ስለ ልብስ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ 18 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ለኮሌጅ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ምን ለብሳ እንደምትቀርብ ስንወስን ቤተሰቡ በሙሉ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ታሪኩን ለማውራት ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ «ስሜን ካልጠራሽ አውሪው» ብላኛለች። እንግዲህ ልጅቷ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካመለከተችባቸው ኮሌጆች አንዱ ኢሜይል ላከላት። ከዚያ ኮሌጅ የተመረቀ አንድ ሰው በቪዲዮ ሊያነጋግራት እንደሚፈልግ ይናገራል። መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችውና «አክስቴ፣ ምን ልልበስ?» አለችኝ። ምን ይጠይቁኝ ይሆን አላለችም፤ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ አላለችም። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ የልጅነት ጥያቄ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልልም። እኛ እኮ በቁጥር ያደግን ሰዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ የሚመድበን ውጤታችን ነው። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያ ሁሉ ልጅ ሲፈተን፣ ውጤቱ ሲመጣ፣ ሲመደብ ወይም ሲቀር ፊቱን አይቶ «አንተ ማን ነህ?» ያለው የለም። ቁጥር ልብስ አይለብስም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ያደገች ልጅ በድንገት «ልናይሽ እንፈልጋለን» ስትባል የመጀመሪያ ሐሳቧ «ምን ሆኜ ልታይ?» ቢሆን ምን ይገርማል? ልብሱን የጠየቀችው እጇ ሊደርስበት የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ወሬው ቤት ውስጥ እንደተሰማ ሁሉም የየራሱን ልብስ ይዞ መጣ።

እህቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ከሰው ጋር ስትነጋገር የኖረች ሴት ናት፤ ክብር በልብስ እንደሚገባ በደንብ ታውቃለች። የእሷ ምርጫ ጥቁር ሙሉ ልብስ ነበር፤ ኮትና ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ። «አክብሬያችኋለሁ የሚል ልብስ ይሁን» አለች። እናቴ ደግሞ፣ ማለትም የልጅቷ አያት፣ የአገር ባህል ቀሚስ እንዲሆን ፈለገች፤ ለጥምቀት የተሰፋውን፣ ጥበቡ አረንጓዴ የሆነውን። «አገርሽን ይወቁልሽ» አለቻት። ታናሽ ወንድሟ ታይዋን ገበያ ሄዶ የኮሌጁን ስም በደረቱ የጻፈ ካናቴራ ሊያሳትምላት ተነሣ። ልጅቷ ለእሱ የሰጠችውን መልስ ወድጄዋለሁ፤ «ገና ያልተጠራሁበትን ቤት ስም ደረቴ ላይ ልለጥፍ?»

ለአያቷ ግን እንዲህ ፈጥና አልመለሰችላትም። ቀሚሱን ጥር 11 ቀን ለብሳው ወጣች፤ አምሮባት ነበር። ማታ ስትመለስ «እማማ፣ ነጠላው ትከሻዬ ላይ አይቆይም፣ ቀኑን ሙሉ አንድ እጄ እሱን ሲይዝ ዋለ። ስናገር ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል» አለቻት። እናቴ ዝም አለች፤ ቅር ማለቷን ግን አይቻለሁ። የአገር ልብስ ለቃለ መጠይቅ አይሆንም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ዘወትር የምትለብሰው፣ በውስጡ እንደልቧ የምትንቀሳቀስ ልጅ ብትሆን ኖሮ ልበሺ ባይ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምትለብሰው።

እኔ ለምን ያን ያህል እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ። ይህን በዚህ ፖድካስት አውርቼው አላውቅም።

በ1998 እኔም ለእንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ውጭ አገር ለሚሰጥ የትምህርት ዕድል ነበር፤ ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ልብስ አልነበረም። ጎረቤታችን ባንክ ይሠሩ ነበር፤ እትዬ እንላቸው ነበር። ለአዲስ አበባ ሥልጠና ያሰፉት የሱፍ ሙሉ ልብስ ነበራቸው። አጥበው፣ ተኩሰው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ደግነታቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ልብሱ ግን የእኔ አልነበረም። ጉርድ ቀሚሱ ወገቤ ላይ ስለሰፋ እናቴ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ያዘችልኝ።

ከንጋት እስከ ማምሻ በአውቶቡስ ተጓዝኩ። በማግስቱ ጠዋት የሆቴሉ ወንበር ላይ ስቀመጥ መርፌ ቁልፉ ተከፈተ። ጫፉ ጎኔን ሲነካኝ ተሰማኝ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ግራ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን እየቆጠርኩ መለስኩላቸው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ትሑቶች ነበሩ። ሴትየዋ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ማንም ሳያዝሽ፣ ለራስሽ ብለሽ የምትሠሪው ነገር አለ?»

ነበረኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ደብተር ነበረኝ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ድሬዳዋ ለገሃር መቼ ይደርሳል ተብሎ ነበር፣ መቼ ደረሰ፣ ምን ያህል ዘገየ፤ ይህን እጽፍ ነበር። በየወሩ መጨረሻ አማካዩን አሰላ ነበር። በክረምት ለምን ይበልጥ እንደሚዘገይ አባቴንና ጓደኞቹን እየጠየቅሁ ሐዲዱን ጎርፍ የሚያጠቃባቸውን ቦታዎች ለይቼ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ ከማንም ይልቅ አብልጬ የማውቀው ነገር ቢኖር ያ ደብተር ነው። አልነገርኳቸውም። «መጻሕፍት አነብባለሁ፣ ቤተሰቤን እረዳለሁ» አልኩ። ያን የሱፍ ኮት የለበሰች ሴት ለገሃር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የባቡር ሰዓት ስትጽፍ ላያት አልቻልኩም። አፌ እንደ ልብሱ ተናገረ።

ያልተቀበሉኝ በመርፌ ቁልፉ ምክንያት ነው አልልም። ከእኔ የተሻሉ ልጆች ነበሩ፤ ይህን አምናለሁ። ከዚያም እዚሁ አገሬ ተምሬ ፋርማሲስት ሆንኩ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። የሚቆጨኝ ደብተሩን አለመናገሬ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ? እኔ የማስበው ስለ ማማር አይደለም። የሰው ልብስ ስትለብስ ልብሱ የሌላ ሰው አካል ያስታውሳል፤ አንተ ደግሞ ያንን አካል እንዳታሳፍር ስትጠነቀቅ የራስህን ነገር ትረሳለህ።

ስለዚህ እህቴ «ጥቁሩን ሙሉ ልብስ ከሠፈር እንዋስላት» ስትል ድምፄ ከፍ አለ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ ራሱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ምን እንደሆነ አናውቀውም። በአሜሪካ ኮሌጆች በርከት ባሉት ይህን የሚያደርጉት የኮሌጁ ሠራተኞች አይደሉም፤ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ያለክፍያ ጊዜያቸውን ሰጥተው ያነጋግራሉ፣ ከዚያ አጭር ዘገባ ጽፈው ይልካሉ። ጭራሽ ቃለ መጠይቅ የማያደርጉ ኮሌጆችም ብዙ ናቸው። የሚያደርጉትም ቢሆኑ ከትምህርት ውጤቱና ከጽሑፎቹ ጋር ሲያነጻጽሩት ትንሽ ክብደት ነው የሚሰጡት። ጠያቂው ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ መምህር ሊሆን ይችላል፣ ልጆቹን አስተኝቶ ኮምፒውተሩን የሚከፍት አባት ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራት ልጅቷ ትከሻዋ ትንሽ ወረደ።

ነገር ግን ታሪኩን ደብቄ ማጽናናት አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ይህንንም ነገርኳት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን የአይሁድ ተማሪዎች በዝተዋል ብለው ነበር። ልጆቹ የመግቢያ ፈተናውን በደንብ ያልፉ ነበር። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎወል በ1922 ኮታ እንዲደረግ በግልጽ ሐሳብ አቀረቡ። ኮታው በግልጽ አልጸደቀም፤ በምትኩ «ጠባይ» የሚባል መመዘኛ ክብደት አገኘ። ፎቶግራፍ ይጠየቅ ጀመር፣ ስለ ቤተሰብ ይጠየቅ ጀመር፣ ቃለ መጠይቅም ጠቃሚ ሆነ። ሰውን በአካል ማየት አንድን ዓይነት ሰው ለማስቀረት ያገለገለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዓላማው ያ አይደለም። ሆኖም «እንዴት ልታይ?» ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ከንቱ ጭንቀት ይጨነቃል ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው።

ይህን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንዲት አድማጭ ከሐረር ጽፋልኝ ነበር። እሷም በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበራት። «ሂጃቤን ላውልቀው ወይ? ሰው እንዲሁ ሲያየኝ ሐሳቡን ይወስናል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። አታውልቂው ብዬ ነው የመለስኩላት፤ ለመመለስም ጊዜ አልፈጀብኝም። ከዚያ ስለ ጨርቁ ተነጋገርን፤ የሚያብረቀርቀው ከመብራት ጋር ፊትን እንደሚያደበዝዝ፣ ድፍን ቀለም እንደሚሻል፣ የጆሮ ማዳመጫው ማይክሮፎን ከጨርቁ ጋር እየታሸ ድምፅ እንዳያበላሽ ከአገጭ በታች በደንብ መሰካት እንዳለበት። እኅቴ፣ እያዳመጥሽ ከሆነ ሰላም ብዬሻለሁ።

ከቤተሰቡ ክርክር በኋላ ልጅቷ አንድ ማታ የራሷን ሐሳብ ይዛ መጣች። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠፈር ውስጥ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ የምትለብሰው ነው። ከሰልባጅ የገዛችው ነው፣ በራሷ ገንዘብ።

እህቴ ፊቷ ተለወጠ። «ከሰልባጅ የተገዛ ሸሚዝ ለብሳ ልትቀርብ?» አለች። የእህቴን ስሜት አልነቅፈውም። ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት፤ አንድ ቀን እንኳ የተከበረ ልብስ ልታለብሳት ፈልጋ ነው።

ያኔ እናቴ «እስቲ አምጪው» አለች። እናቴ በወጣትነቷ በድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታለች። ጨርቅ የምታየው በዓይኗ አይደለም። ሸሚዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሀል ይዛ አሸችው፣ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ የውስጥ ስፌቱን ገልብጣ አየችው። «ጥጥ ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና «ክሩ የተጠመዘዘው በደንብ ነው። አሥር ዓመት ያገለግላል» አለች። ወደ እህቴ ዞራ «ያንቺ ጥቁር ኮት ገበሩ ናይለን ነው፤ ልጅቷን በላብ ያጠምቃታል» አለቻት። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ሁለት ሳምንት ስከራከር ያላለቀው በሁለት ጣት አለቀ።

የቀረው ሙከራ ነበር። ሦስት ማታ ስልኩን መጻሕፍት ላይ ደርድረን ሞከርን። በመጀመሪያ ግን ሰዓቱን ማስተካከል ነበረብን። ኢሜይሉ ጠዋት 11 ሰዓት ይላል፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል አቆጣጠር። እህቴ 11 ሰዓት ስትሰማ የእኛን የማታውን 11 ሰዓት አስባ ነበር። በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ስለዚህ የእነሱ ረፋድ የእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው።

ምሽት መሆኑ ስለ ልብሱ የነበረንን ሐሳብ ለወጠው፤ የመስኮት ብርሃን የለም። ነጩን ሸሚዝ ስትለብስ ፊቷ ጨለመ፤ ዓይኖቿ ጠፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሜራው ብርሃኑን የሚመጥነው በሚያየው ነገር ሁሉ ነው። ሰፊ ነጭ ነገር ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ እንደ እኛ ያለ የቆዳ ቀለም ደግሞ መጀመሪያ ይጎዳል። ቀጫጭን መስመር ያለውን ሸሚዝ ስንሞክር መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ተንቀሳቀሱ። ሰማያዊው ላይ ፊቷ ጎልቶ ወጣ። መብራቱን ከኋላዋ አንሥተን ከስልኩ ጀርባ፣ ከፊት ለፊቷ አደረግነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አይነግራችሁም፤ ስለዚህ የምታመለክት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ከቀኑ በፊት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ሞክሩት። ስልኩም ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ መብራት የሚጠፋበትን ቀን አናውቅም።

ስለ ልብስና አእምሮ የተደረገ አንድ ጥናትም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 አዳምና ጋሊንስኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለሰዎች አንድ ዓይነት ነጭ ጋውን አለበሱ፤ ለአንዳንዶቹ የሐኪም ነው፣ ለሌሎቹ የሠዓሊ ነው አሏቸው። የሐኪም ነው የተባሉት ልዩነት በመፈለግ ፈተና የተሻለ ትኩረት አሳዩ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ከጥናቱ ሙከራዎች አንዱን ሲደግሙት ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ በእሱ ላይ ብዙ አልደገፍም። እኔ በየቀኑ ነጭ ጋውን እለብሳለሁ፤ ትኩረት የሚሰጠኝ ጋውኑ ይሁን ፊት ለፊቴ የቆመው ሕመምተኛ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

ከሙከራው አንድ ችግር ወጣ። ልጅቷ ሸሚዙን ከገዛችው ወዲህ አድጋለች። እጅጌው አራት ጣት ያህል አጥሯል፤ ክንዷን ስታነሣ ጀርባው ይይዛታል። እናቴ «ሐረር፣ መኪና ግርግር ውሰጃት» አለች።

ለማታውቁት፣ መኪና ግርግር ጁገል ውስጥ ያለ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ስትወርዱ በግራም በቀኝም የስፌት መኪና ተደርድሯል፤ ስሙም ከዚያ ድምፅ የመጣ ነው። በሚኒባስ ሄድን። ደንገጎን ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ያን ዳገት ባየሁ ቁጥር አባቴ የሚለው ትዝ ይለኛል፤ በ1895 ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም ከዚያ በኋላ ከተማ ሆነች። አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ዘግተውት ቆየን። ሐረር ስንደርስ ረፍዷል።

ሰፊው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው። ሸሚዙን ተቀብለው ገለጡት፣ የታችኛውን ጫፍ ለኩ። «ከዚህ ረጅም ጫፍ ቆርጬ እጅጌው ላይ አዲስ ማሰሪያ እሠራለታለሁ፣ ጨርቁ ያው ስለሆነ አይታወቅም» አሉ። ከዚያ ልጅቷን አዩዋትና «ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?» አሏት።

«ለቃለ መጠይቅ ነው ጋሼ።»

«ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?»

«ተቀምጬ።»

«አቦ፣ እንግዲያው ቆመሽ ምን ያስለካሻል?» አሉና በርጩማ ሳቡላት። «ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ተናገሪ።»

«ምን ልናገር?»

«የምትናገሪውን።»

ሸሚዙን እንደለበሰች ተቀመጠች። በዙሪያችን መኪናዎቹ እየጮኹ ነው። በእንግሊዝኛ ያጠናችውን መግቢያ ጀመረች፤ ስሟን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ሽማግሌው ሜትሩን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ። አልለኩም። እኔም ለምን እንደማይለኩ አልገባኝም ነበር። «በአማርኛ አድርጊው፣ እኔም ልስማው» አሏት።

ያን ጊዜ ስለ ቅዳሜ ተማሪዎቿ ማውራት ጀመረች። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ሩብ ከሲሶ ይበልጣል ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ምክንያቱም 4 ከ3 ይበልጣል። ሦስት ቅዳሜ ተከራከረችው። በመጨረሻ ሁለት እኩል ሐብሐብ ገዝታ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት ቆረጠችና «የምትፈልገውን ቁራሽ አንሣ» አለችው። ልጁ እጁን ወደ ሲሶው ሰደደ፤ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ፣ ቀና ብሎ አያት። ይህን ስትናገር ሁለት እጆቿ ተነሡ፤ ሐብሐቡን በአየር ላይ ያዘች፣ በመዳፏ ቆረጠች።

«አሁን እጅሽ መጣ» አሉ ሽማግሌው። ክንዷ በተነሣበት ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ለኩ፣ ከጀርባዋ በኩልም ለኩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አውርደው ቁጥሩን ጨርቁ ላይ ሳይሆን መዳፋቸው ላይ ጻፉ።

እኔ ዘወር ብዬ ግድግዳውን ማየት ነበረብኝ። ያ የሆቴል ወንበር ትዝ አለኝ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሱት። በብብቱ በኩል ትንሽ ጨርቅ ጨምረው ስፌቱን አላልተውታል፤ እጇን ስታነሣ ሸሚዙ አብሯት አይነሣም። ከአምስቱ ቁልፎች አንዱ ቀለሙ የተለየ ነበር፤ «ልቀይረው?» አሉ። ልጅቷ «ይቆይ፣ ልጆቹ እሱን እያዩ ነው የእኔ መሆኑን የሚያውቁት» አለች።

ቃለ መጠይቁ ጥር 23 ቀን፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። እህቴና እኔ ግቢ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ እናቴ ደግሞ ከበሩ አጠገብ። ድምጿ ይሰማናል፣ ቃሉ አይሰማንም። አንድ ጊዜ ስትስቅ ሰማን። እህቴ እጄን ያዘችኝ። ወደ 50 ደቂቃ ፈጀ። ስትወጣ እህቴ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ሰውየው ምን ለብሶ ነበር?» ብላ ነው።

«ሹራብ» አለች። «ከኋላው መስኮት ነበር፤ በረዶ ይጥላል። ስለ ሐብሐቡ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ለልጄ እነግረዋለሁ አለ።»

መልሱ የሚመጣው መጋቢት ላይ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ውጤት የለኝም፤ ሲመጣም ልጅቷ ከፈቀደች ብቻ ነው የምነግራችሁ።

እህቴ ሸሚዙ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ መጋቢት እንዲቆይ ፈልጋ ነበር። ልጅቷ ትናንት ጠዋት ለብሳው ወደ በረንዳው ሄደች። ምሳ ሰዓት ላይ ስትመለስ እዚያ ነበርኩ። ሰፊው የቀጠሉት ማሰሪያ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፤ ሰሌዳውን በእጅጌዋ ስትጠርግ ነው የዋለችው። እናቴ ክንዷን ይዛ አቧራውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችላትና ለምሳ ተቀመጥን።

ደህና እደሩ።